ክፉ ወሬ የማይወራበት ቤት

ኤፕሪል 26 ቀን 1913፣ ዱትሉክ

የሐር ትሉ ዘር ዛሬ ከቡርሳ ገባ። ሦስት ሳምንት ዘግይቷል፤ አድሪያኖፕል ክረምቱን ሙሉ ተከባ መንገዱ ዝግ ነበር። ዕቃ ማለፍ የጀመረው ከተማዋ ባለፈው ወር በቡልጋሮች እጅ ከወደቀች ወዲህ ነው። ስምንት ሳጥን ነው። ስድስቱን ለመንደሮቹ አከፋፍላለሁ፤ ሁለቱን ቤቴ አረባለሁ። ሌሎቹ ነጋዴዎች በጦርነት ዓመት ትል አይያዝም ብለው እጃቸውን ሰብስበዋል። እኔ ግን ሰው ሁሉ የሸሸውን ንግድ የያዘ፣ በጁን ገበያውን ብቻውን ያገኘዋል ባይ ነኝ።

የቤቱን ሁለት ሳጥን ምራቴ ስማራግዳ ተቀበለች። የትሉን እንቁላል በቀጭን ሻሽ ቋጥራ ጡቶቿ መካከል ታቅፈዋለች፤ እስኪፈለፈል አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ቀን ከገላዋ አይለይም። ዘር ያቀፈች ሴት የትሉ እናት ናት። ትሉ የሐር ጎጆውን ሠርቶ እስኪጨርስ ወንዝ አትሻገርም፣ ጥቁር አትለብስም፣ ከቤት ርቃ አታድርም። የስማራግዳ እጅ በአራት ዓመት አንድ ሰፌድ ትል አላበላሸም።

ጎረቤታችን አሮጊቷ ቫያ ከረጢቱን ስታስርላት፣ «ባል ምን ያደርግልሻል ከእንግዲህ፣ ይኸው ሰባ ሺህ ልጅ ታቀፍሽ» አለቻት። ስማራግዳ ሳቀች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ባሏ ልጄ ፖሊክሮኒስ ነው። ባለፈው ሴፕቴምበር ቱርኮች ለጦራቸው ወሰዱት። ግሪክ ሆኖ የቱርክ መለዮ ለብሶ አድሪያኖፕል ውስጥ ተከቦ ነበር። ከተማዋ ከወደቀች ወዲህ ከሱ የሰማነው ነገር የለም። ስለማይታወቅ ነገር መጻፍ ቀለም ማባከን ነው።

ሜይ 4

በጥድፊያ። የቡልጋሩ ሻምበል በቅሎዬን ወሰደ። ለሁለት ቀን ነው ብሏል። ቤኮር፣ ለአድሪያኖፕል ፋብሪካ ጎጆ የሚገዛው ወኪል፣ ሁለት እስር አሮጌ ጋዜጣ አመጣልኝ። ለሰፌዶቹ ምንጣፍ ነው። የዘንድሮውን ሁሉ እወስዳለሁ ብሏል። ዝናብ።

ሜይ 8

ጋዜጦቹን በሰፌድ ልክ ስቆርጥ ዋልኩ። እየቆረጥኩ አነበብኩ። የፈረንጆቹ ቀን ከእኛ በአሥራ ሦስት ቀን ስለሚቀድም አንዳንዱ ነገር ገና ያልደረሰ ይመስላል። ሳሎኒክ ላይ የግሪኩን ንጉሥ በእግሩ ሲንሸራሸር ተኩሰው ገደሉት። አሜሪካ ውስጥ ወንዝ ሞልቶ ከተሞችን ወሰደ። ሩስያ የንጉሣዊ ቤቷን ሦስት መቶኛ ዓመት አከበረች። ወደ ምድር ጫፍ፣ ወደ በረዶው የሄዱ እንግሊዞች ድንኳናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ፤ ለሚስቶቻቸው የጻፉት ደብዳቤ ግን ሳይበላሽ ተገኝቶ ደረሰ ይላል። ይህን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወፍራም ወረቀት ነው፣ ለሦስተኛው ቆጥ ይሆናል።

ሜይ 9

ተፈለፈለ። ከስማራግዳ ከረጢት እንደ ጥቁር አቧራ ወጣ። ከዛሬ ጀምሮ በሩ ተዘግቷል። ደንቡ የታወቀ ነው። እንግዳ አይገባም፣ ድምፅ አይነሣም፣ ሽንኩርት አይጠበስም፤ በትል ቤት ክፉ ወሬ አይወራም። ሐዘን የነካው እጅ ቅጠል ከሰጠ ትሉ ይጠቁራል ይላሉ። እኔ በዚህ አላምንም። ግን በሽታ በሰው ጫማ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ደንቡ ሰውን ከበር ስለሚመልስ ይጠቅማል። የሰው ዓይን እንዳይበላው፣ ስንት ሳጥን እንደያዝን ለሚጠይቅም እንዋሻለን። ዛሬ ቄሱ ጠይቀውኝ ለሳቸውም ዋሸሁ።

ሜይ 20

ለንደን ላይ ሰላም ተፈረመ። ጦርነቱ አለቀ ብለው ቄሱ ደወል አስደወሉ። ትሎቹ ቆዳ ሊቀይሩ በሚተኙት በሁለተኛው እንቅልፍ ላይ ነበሩ። ቫያ በባዶ እግሯ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄዳ፣ «አባቴ፣ ሰላሙን ለነገ ያቆዩት፣ ልጆቹ ተኝተዋል» አለቻቸው። ደወሉ ቆመ።

ገበያ ውስጥ የሰማሁት ሌላ ነው። ሁለት የቡልጋር ወታደሮች ሲያወሩ፣ የሚቀጥለው ጦርነት ከሰርቦችና ከግሪኮች ጋር ነው ይባባሉ ነበር። አንዱ እኔን አይቶ ጓደኛውን ጎሸመው። ቱርክን አብረው ካሸነፉ ገና ሁለት ወራቸው ነው።

ሜይ 29

ሦስተኛው እንቅልፍ አለፈ። ከሰፌዶቹ ሁሉ አንድም ሕመምተኛ ትል የለም። አዲስ እስር ጋዜጣ። በርሊን ላይ የጀርመኑ ንጉሥ ልጁን ሲድር የሩስያውና የእንግሊዙ ነገሥታት በአንድ ማዕድ ተቀምጠዋል። ፎቶግራፉ አለ። ሦስቱም ደኅና ሰው ይመስላሉ።

ስማራግዳ ስትመገብ አየኋት። ቆማ ትበላለች፤ ዓይኗ ሰፌዱ ላይ ነው። አንገቷ ቀጥኗል። ሥራው ሲያልቅ ታገግማለች።

ጁን 3

በዝርዝር መጻፍ አለብኝ።

ከሰዓት በኋላ የባቡር ሠራተኛው ሚግርዲች መጣ። አርመን ነው፤ ከደደአጋች ወደብ አድሪያኖፕል የሚመላለሰው ባቡር ላይ ይሠራል። ድሮም የሰው ደብዳቤ ይይዛል፤ የፖስታ ቤቱን ሥራ ወታደሮች ከያዙት ወዲህ ግን የሚያመላልሰው እሱ ብቻ ነው። በጓሮ በር ጠርቶ ከኮቱ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። ጽሕፈቱ የሌላ ሰው ነው፣ የአስተማሪ ይመስላል፤ ቃሉ ግን የልጄ። «አባባ፣ በሕይወት አለሁ። አድሪያኖፕል ወንዙ መካከል ባለው ደሴት ላይ ከምርኮኞቹ ጋር ነበርኩ፤ የዛፍ ቅርፊት በላን። ክርስቲያን ነህ ብለው ለቀቁኝና ደደአጋች በእኛ በግሪኮች ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ሕሙማኑ ጋር ተኝቻለሁ። ትኩሳትና ተቅማጥ ነው። ስማራግዳን ላክልኝ። እሷን ካየሁ እነሣለሁ።» ቀኑ ጁን 1 ይላል።

ሚግርዲች፣ «ባቡሩ ለሰው የሚቆመው ማክሰኞና ዓርብ ነው፤ ዓርብ ከኔ ጋር ትሳፈር፣ ማታውን እዚያ ናት» አለኝ።

አሰብኩ። ትሎቹ ከነገ ወዲያ ለአራተኛውና ለመጨረሻው እንቅልፍ ይተኛሉ። ከዚያ በኋላ ያለው አሥር ቀን ያህል ነው ዓመቱን ሙሉ የሚወስነው፤ የቀረውን ቅጠል ሁሉ የሚበሉት ያኔ ነው። ያለሷ እጅ ማን ይይዛቸዋል? ቫያ ዓይኗ ደክሟል። እኔ ከሄድኩ የስድስቱን መንደር ጎጆ ማን ይሰበስባል? ፖሊክሮኒስ ወጣት ነው። ትኩሳት ከዚህም ብሶ የዳነ ሰው አይቻለሁ። እስከ ጁን 20 ቢታገሥ ጎጆውን ሸጠን፣ እሷም ባዶ እጇን ሳይሆን ሐኪም የሚያስጠራ ነገር ይዛ ትሄዳለች። ለሱም የሚሻለው ይኸው ነው።

ሚግርዲችን፣ ይህን የትኩሳት ኪኒን እዚያ ለምታስታምመው ሴት ስጥ አልኩት፤ ያለኝን ሁሉ ነው የሰጠሁት። ለልጁ ግን እኔን አገኘሁ አትበለው፤ በጉጉት ራሱን ይጎዳል፤ ስማራግዳ ድንገት ስትደርስ ይደሰታል አልኩት። ሚግርዲች ትንሽ አየኝ። «እርስዎ ካሉ» ብሎ ሄደ።

ለስማራግዳ አልነገርኳትም። በትል ቤት ክፉ ወሬ አይወራም።

ጁን 5

ተኙ። ቤቱ ጸጥ አለ። ስማራግዳ ሚግርዲች ለምን መጥቶ እንደነበር ጠየቀችኝ። የባቡሩ ሰዓት ሊነግረኝ ነው አልኳት። «ሰዓት ለመንገር ከጣቢያው ድረስ በእግሩ መጣ? የተባረከ ሰው ነው» አለች። ቀልድ ይሁን ሌላ አላወቅሁም።

ጁን 8

ነቁ። መብላት ጀመሩ። ሁለት ሰው ቀጥሬ ቅጠል አስቆርጣለሁ። ቁስጥንጥንያ ላይ የቱርኩን ጠቅላይ ሚኒስትር መኪናው ውስጥ ተኩሰው ገደሉት ይላል ጋዜጣው፤ ወሬው አሥር ቀን አልፎታል። እንግሊዝ አገር አንዲት ሴት በፈረስ ግልቢያ ላይ ከንጉሡ ፈረስ ፊት ገብታ ተረግጣ ሞተች። ስማራግዳ ሰፌዱን ስትቀይር አንብባው ነበር። «ምን ፈልጋ ነው?» አለችኝ። ለሴቶች የምርጫ ድምፅ አልኳት። «ለመጠየቅ ያህል ይህን ሁሉ?» አለች፤ ቅጠሉን አለበሰችበት።

ጁን 10

ሚግርዲች ዳግመኛ መጣ። እንዲገባ አልፈቀድኩም፤ ከአጥሩ ማዶ ተነጋገርን። ልጁ የባቡር ፊሽካ በሰማ ቁጥር ራሱን ቀና ያደርጋል አለ። ወታደር የጫነ ባቡር ብቻ ነው ወደ ምዕራብ የሚሄደው፤ ሁኔታው አላማረኝም፤ መስመሩ ሊዘጋ ይችላል አለ።

«ጋሽ አርጊሪስ፣ ትል ይተካል» አለኝ።

አሥር ቀን ነው የቀረው አልኩት። ጦርነቱ ሲጀመር ነው የጎጆው ዋጋ የሚጨምረው፣ ቤኮርም ከዚህ ሳይወጣ ይገዛኛል አልኩት። ይህን ማለት አልነበረብኝም። ሚግርዲች ባርኔጣውን አስተካክሎ ሄደ።

ጁን 11

ትናንት ለቫያ ነገርኳት፤ ምክንያቱን አላውቀውም። ምናልባት ልክ ነህ እንድትለኝ ፈልጌ ይሆናል። እንደዚህ አለች፦ «እኔ ሦስት ልጅ ስቀብር ትል አቅፌ ነበር። ጎጆው ነጭ ሆኖ ወጣ። ነጭ ሆኖ መውጣቱን ነው እስከ ዛሬ ይቅር ያላልኩት።» ከዚያ ለስማራግዳ እነግራታለሁ አለች። ደንቡን አስታወስኳት፤ ትሉ ቢጠቁር የስድስት መንደር ሰው ሁሉ አንቺን ነው የሚወቅሰው አልኳት። አሮጊት ናት፣ ጸናባት። ለስማራግዳ አልነገረቻትም።

ጁን 14

ሌትም ቀንም ይበላሉ። ሰፌዶቹ ላይ ሲበሉ የሚሰማው ድምፅ የካፊያ ድምፅ ነው። ስማራግዳ ቀሚሷን ሳታወልቅ ግድግዳ ተደግፋ ታንቀላፋለች።

ዛሬ ቅጠል ስናለብስ በመካከል ቆመች። ትሎቹ ጎጆ ሲጨርሱ አድሪያኖፕል ሄዳ ባሏን ራሷ እንደምትፈልገው ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ቀንሳ፣ «አባባ፣ ሞቶ ከሆነና ሰምተው ከሆነ፣ አሁን አይንገሩኝ። እጄ ይከዳኛል። እስኪወጡ ልያዛቸው» አለች።

እንዲህ ያለችው እሷ ራሷ ናት፤ ቃሉን እንዳለ ጽፌዋለሁ። እኔ ያስገደድኳት ነገር የለም።

በእርግጥ አልሞተም። ግን የንግግሯ መንፈስ አንድ ነው።

ጁን 17

ተጀመረ። ቡልጋሮች ትናንት ማለዳ በሰርቦችና በግሪኮች ላይ ተኮሱ። የሰው ባቡር ቆመ። ቤኮር በመጨረሻው ባቡር አመለጠ። ጣቢያው ላይ አገኘሁት፤ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ነበር። ጎጆዬን ማን ይገዛኛል አልኩት። «አርጊሪስ ወንድሜ፣ ይህን ሁሉ ሕዝብ እያየህ ስለ ጎጆ ትጠይቀኛለህ?» አለኝ። እሱም መጋዘኑን ያለ ዋጋ ጥሎ እየወጣ ነው፤ ቁልፉን አውጥቶ አሳየኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ሰው ሁሉ ከተሳፈረ በኋላም ወደ ደደአጋች የሚሄደው ባቡር ውስጥ ባዶ ቦታ ነበር። ሁለት ወንበር ቆጠርኩ። ቤቴ ከጣቢያው ሩብ ሰዓት መንገድ ነው።

ጁን 19

ባቡር ከሌለ ነግሬያት ምን ይጠቅማታል? ታለቅሳለች እንጂ። ትሎቹ ወጥተው ጎጆ የሚሠሩበትን ጭራሮ ዛሬ ተከልን።

ጁን 21

ወጡ። ሁሉም። ጭራሮው ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆነ። በሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ አላየሁም። ቫያ እንኳን እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች። ስማራግዳ ራሷን ታጥባ ገና በቀን ተኛች።

ጎጆው ውስጥ ያለው ትል ቢራቢሮ ሆኖ ሳይወጣ በእንፋሎት መገደል አለበት፤ አለዚያ ሐሩን በስቶ ያበላሸዋል። የፋብሪካው እንፋሎት ቤት ተቆልፏል፤ ሠራተኛው ሸሽቷል። በፀሐይ እናደርቃለን።

ጁን 25

ዛሬ ነገርኳት።

የመጨረሻውን ጎጆ ከጭራሮው አንሥታ ቅርጫቱን ሸፈነች። «በሉ አባባ» አለችኝ፤ «አሁን ሊነግሩኝ ይችላሉ።» ለሐዘን ተዘጋጅታ ነበር። ጥቁሩን ሻሽ ከሣጥን አውጥታ ወንበሩ ላይ አስቀምጣዋለች። ደብዳቤውን ሰጠኋት።

ማንበብ ትችላለች፤ ግን ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ቀኑን በጣቷ ነካችው።

«ዛሬ ስንት ነው?»

ሃያ አምስት አልኳት።

«በሕይወት አለ ነው የሚለው?»

አዎ አልኳት። ሌላም ነገር ተናገርኩ፤ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ኪኒኑ፣ ራሷ አትንገሩኝ ስላለችው። እየተናገርኩ ሳለ እጇን ታጠበች። ጥቁሩን ሻሽ አጥፋ ወደ ሣጥኑ መለሰችው። ዳቦ ቆርሳ በመቀነቷ ቋጠረች፣ ጫማዋን አጠለቀች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች።

«አባባ፣ እኔ እኮ ከሞተ አይንገሩኝ ነው ያልኩት» አለች።

በሐዲዱ ላይ ወደ ደቡብ ሄደች። እስከ ደደአጋች በእግር ሁለት ቀን ተኩል ይሆናል። ሻምበሉ በቅሎዬን መልሶልኝ ቢሆን ኖሮ እሰጣት ነበር። አብሬያት ልሄድ አስቤ ነበር፤ ጎጆው ፀሐይ ላይ በየሰዓቱ ካልተገላበጠ ግን ይሻግታል።

ጁን 27

ዝናብ።

ጁን 28

ዝናብ። ቅርጫቶቹን ወደ ቤት አስገባሁ። በምድጃ ሞከርኩ፣ አንዱ ቅርጫት ነደደ።

ጁን 30

መብሳት ጀመሩ። ነጫጭ ቢራቢሮዎች ግድግዳውን ሞልተዋል፤ መብረር አይችሉም፣ ክንፋቸውን ብቻ ያርገበግባሉ። ስድስቱ መንደርም እንዲሁ ነው ይላሉ። ከሐሩ የሚተርፍ የለም። ገበሬዎቹ ሊሰድቡኝ መጡ፤ ሳይሰድቡኝ ተመለሱ። ቤቱን ከበሩ አይተው ነው መሰለኝ።

ቫያ ምግብ ታመጣልኛለች። አታናግረኝም።

ጁላይ 4

ቡልጋሮች እየለቀቁ ነው። ቱርኮች ይመለሳሉ ይባላል። ከወንዙ ማዶ ሦስት መንደር ይጤሳል። ሁለቱ ዘር የሸጥኩላቸው ናቸው። ሰው መቃብር ቦታ ተደብቆ ያድራል። እኔ ቤቴ ነኝ። የሚወሰድ ነገር የለኝም።

ወደ ደደአጋች የሚሄድ ሰው ጠየቅሁ። ማንም አይሄድም።

ጁላይ 9

ሚግርዲች መጣ። በእጅ በሚገፋ የሐዲድ ጋሪ ሁለት ሆነው ነው የመጡት፤ የተሰበረ ሐዲድ ሊያዩ። በሩ ክፍት ነበር። ገባ።

ቆሞ ነገረኝ። ስማራግዳ ጁን 28 ማለዳ ደረሰች፤ እግሯ ደምቶ ነበር። ልጁ ያኔ መናገር ይችል ነበር። ሦስት ቀን አብራው ሆነች። ጁላይ 1 ሞተ። ትምህርት ቤቱ ጀርባ ተቀበረ፤ ሣንቃ አግኝተውለታል። እሷ አስታማሚዎቹ ጋር ቀርታለች፤ መርከብ ሲገኝ ከነሱ ጋር ወደ ሌላ አገር ትሻገራለች። ወደዚህ አትመለስም።

ምን አለ አልኩት፤ ልጄን ማለቴ ነው።

«ለምን ዘገየሽ አላት» አለኝ ሚግርዲች። «ደብዳቤው መንገድ ላይ ጠፍቶ ነው፣ የባቡር ሠራተኛው ጥሎት፣ በሰው ሰምቼ መጣሁ አለችው። እኔ አልጋው አጠገብ ቆሜ ነበር። ወደኔ ዞረና፣ እውነት ነው ጋሽ ሚግርዲች? አለኝ።»

ሚግርዲች ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ደብዳቤ ይዣለሁ፤ አንድም ወረቀት ጠፍቶብኝ አያውቅም። አዎ፣ ጣልኩት፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ይቅር ብሎኝ ሞተ።»

ውሃ ለመነኝ። ከማሰሮው ቀድቼ ሰጠሁት። ጠጥቶ ጨረሰ፤ ልቀበለው እጄን ዘርግቼ ነበር። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀምጦ ወጣ።